የቢተው እስክሪብቶ

ወደ እሳቱ ጠጋ በሉ። ከኋላችሁ ማንም አለመኖሩን አይታችኋል? ደግማችሁ እዩ። እሺ።

ሰዓቱ አስራ አንድ ተኩል ነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ምንም አልቀራት። በገደሉ አፋፍ ባለችው ቀጭን መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ልሳኑ ይባላል። ስልኩ እየመራው፣ ሰዎች የደበቁትን የቆርቆሮ ሳጥን ይፈልጋል። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ሳጥኗ ውስጥ ደብተር አለች፤ ያገኛት ሰው ስሙን ይጽፍባታል። የቀደመው "አንደኛ" ብሎ ይጽፋል። ሽልማቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለውም።

የዛሬዋን ሳጥን ጓደኞቹ የደበቋት ለቢተው መታሰቢያ ነው። ቢተው ማን ነበር? አብሯቸው ሳጥን ይፈልግ የነበረ ጓደኛቸው። ዓምና ለማንም ሳይናገር ብቻውን ወጥቶ ከዚሁ ገደል ወድቆ ሞተ። በተዝካሩ ላይ ተነስቶ "ወንድሞቼ፣ ከእንግዲህ ማንም ብቻውን እንዳይወጣ" እያለ ያለቀሰውስ ማን ነበር? ልሳኑ። ታዲያ ዛሬ ለምን ብቻውን ወጣ? ሌላ ሰው እንዳይቀድመው። ወሬ ይወጣል ብሎ ለሚስቱም አልነገረም።

እየሄደ ሳለ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቆመ፤ ኮቴውም ቆመ። "ዝንጀሮ ነው" አለ። ጫማ ያደረገ ዝንጀሮ የት አይቶ እንደሆነ እንጃለት። ትንሽ እንደሄደ ሳል ሰማ። "ንፋስ ነው" አለ።

ሊጨልም ሲል ሳጥኗን ከድንጋይ ስር አገኛት። ደብተሯን ገለጠ፤ ባዶ ናት። ደስ አለው። ኪሱን ቢዳብስ ግን እስክሪብቶ የለም። ይኼኔ አንድ እጅ ከኋላው እስክሪብቶ አቀበለው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለና፣ ዞር እንኳ ሳይል "ልሳኑ፣ አንደኛ" ብሎ ጻፈ።

ቆይ። ማነው ያቀበለው?

"ለማን ነግረህ ወጣህ?" አለው ከኋላው አንድ ድምፅ።

"ለማንም" አለ ልሳኑ።

"እኔም ለማንም አልነገርኩም" አለው ድምፁ።

ደብተሯን አየ። ቅድም ባዶ በነበረው ገጽ ላይ፣ ከስሙ በላይ "ቢተው፣ አንደኛ" ይላል። ብታምኑም ባታምኑም፣ ከመፍራቱ በፊት ሁለተኛ መሆኑ አናደደው። ከዚያ ሮጠ። በጨለማ፣ በገደል አፋፍ ላይ ወዴት ይሮጣል?

በሦስተኛው ቀን ከገደሉ ስር አገኙት። ለምን ዘገዩ? ሚስቱ ሌላ ሴት ጋ ሄዷል ብላ ሰፈር ለሰፈር ስትፈልገው ነበር። እግሩ ተሰብሯል፤ ነፍሱ ግን አለች። እስክሪብቶውን ጨብጦ አልለቅም አለ። ጓደኞቹ እስክሪብቶውን አወቁት። በገዛ እጃቸው ከቢተው ሬሳ ጋር የቀበሩት እስክሪብቶ ነው።

በሉ፣ ሽንቱ የመጣ ካለ ይሂድ። መጀመሪያ ግን ወዴት እንደሚሄድ አጠገቡ ላለው ይንገር። ጨለማው ውስጥ ከኋላው የሆነ ነገር የሚያቀብለው ካለ ደግሞ፣ እንዳይቀበል።