ባዶ ሆኖ የማያውቀው ጠርሙስ

ጸጉር አስተካካዩ ንጋት ላይ ሞተ፤ ረፋዱ ላይ ታናሽ ወንድሙ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ወንድሜን የገዛ ልጁ መርዛዋለች አለ። ማስረጃው የሟቹ እግር ላይ ያለው ፋሻ ነበር፤ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስላል።

መርማሪው ጡረታው የደረሰ፣ ነገር ከማየቱ በፊት የሚያሸት ሰው ነው። ፋሻው ላይ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። የወይን ፍሬ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ አገኘ፤ አልወደደውም።

ልጅየዋን አነጋገራት። አባቷ የካንሰር መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ሥራዋን ትታ እሱን ስታስታምም ከርማለች። የእግሩን ቁስል ጠዋትና ማታ የምታጥበው እሷ ብቻ ናት። መዘዙም ይኸው ነበር፤ ከእሷ በቀር የሚጠረጠር የለም። በሳምንት አንዴ የምትመጣው ነርስ ደግሞ ቁስሉ የሚታጠብበትን ጀርም መግደያ እንዳመጣች፣ በፈላ ውሃ ማቅጠንም እንዳስተማረቻት ተናገረች።

ይኸው የቀጠነው የቁስል ማጠቢያ ከጸጉር ቤቱ በመጣ አሮጌ ጠርሙስ ውስጥ እስከ አንገቱ ሞልቶ ተቀምጧል። መርማሪው አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረው። ግርጌው ላይ ልጋግ የመሰለ ነገር ተጣብቋል።

«ይሄ ጠርሙስ ባዶ ሆኖ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ። አባዬ ጎደሎ ጠርሙስ ደንበኛ ያባርራል ይላል። ገና ግማሽ ሳይደርስ እሞላበታለሁ።»

መርማሪው ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልሎ ከሬሳው ከተወሰደው ናሙና ጋር ወደ ላቦራቶሪ ላከው።

በአምስተኛው ቀን ልጅየዋን፣ አጎቷንና ነርሷን ሟቹ ቤት ሳሎን ሰበሰባቸው።

«መርዝስ አለ» ብሎ ሲጀምር አጎትየው ቀና አለ። «ግን ሰው አልቀመመውም፤ የጀርም ሥራ ነው። በቁስሉም፣ በደሙም፣ በጠርሙሱም የተገኘው ያው አንድ ጀርም ነው። ቀለሙም ሽታውም የእሱ ነው።»

«ጀርም መግደያ ውስጥ ጀርም?» አለ አጎትየው።

«ቀጥኖ ሲቆይ ጉልበቱ ያልቃል፤ ጀርሙም ይለምደዋል። አሮጌው ሳይደፋ አዲስ ሲጨመርበት ከስር የተረፈው አዲሱን ይበክላል።»

«እሷስ? እጇን ስትነክርበት የከረመችው ለምን ጤነኛ ሆነች?»

«ጤነኛን አይደፍርማ። የእሷ ነጭ የደም ሴሎች ሲያገኙት ይውጡታል። የአባቷን ግን የካንሰር መድኃኒቱ አስቀድሞ አመናምኗቸዋል። የቀሩት ጥቂቶቹ ሊውጡት ሲጠጉ ደግሞ መርዙን እየረጨ ይጨርሳቸዋል። በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።»

ነርሷ ወለሉን እያየች «‹እንዳያልቅበት ጨምሪበት› ነው ያልኳት» አለች። «መጀመሪያ ድፊው አላልኳትም።»

አጎትየው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ልጅየዋ ዞረ።

ልጅየዋ ግን ከክሱ ነጻ መውጣቷ የገባት አትመስልም። «አባዬ ሲያቃጥለው ‹አይዞሽ፣ እየሠራ ነው› ይለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ሁለት እጆቿን አጋጥማ ወደ መርማሪው ዘረጋች። «ይውሰዱኝ ጋሼ።»

መርማሪው በሠላሳ ዓመት ሥራው ብዙ እጅ አስሯል፤ ፈቅዶ የተዘረጋለት ግን አልነበረም። እጆቿን በእጆቹ ይዞ ቆመ፤ የጀርም መግደያው ሽታ አሁንም አልለቀቃቸውም ነበር።