ያልተፈታው ሻንጣ

የመንጃ ፈቃድ ቢሮው ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል። ከሌላ ክልል ተዛውራ የመጣችው አምቡላንስ ነጂ የድሮ ፈቃዷን ጨብጣ መስኮቱ ፊት ቆማለች። የዚህን ክልል ፈቃድ ዛሬ ካላወጣች ነገ መኪናውን ለሌላ ሰው ታስረክባለች። ለፈቃዱ ደግሞ የክልሉ ነዋሪ መሆኗን በመሐላ የሚያረጋግጥ የምትኖርበት ግቢ ሰው ያስፈልጋል። አከራይዋ እግራቸውን ስላመማቸው ልጃቸውን ላኩላት።

አናጺውን! ሰው ጠፍቶ እሱን!

ትናንት የክፍሏን በር ሊጠግን ገብቶ፣ «ሻንጣሽን እስካሁን የማትፈቺው ልትሄጂ ነው እንዴ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «እኔ እዚህ ለጊዜው ነኝ» አለችው። ወዲያው ጸጸታት፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሱም መሣሪያውን ሰብስቦ ሳይሰናበታት ወጣ።

አሁን ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንደያዘ መጥቶ አጠገቧ ቆሟል። አያያትም።

«በቋሚነት እዚህ ትኖራለች ብለው ይምላሉ?» አሉት ጸሐፊዋ ከመነጽራቸው በላይ እያዩት።

ፀጉሩ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አራገፈ።

«አልምልም።»

ደሟ ፈላ። ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተችው።

«ለትናንቱ ልትበቀለኝ ነው?»

«እኔ አንቺን? የልብስ መስቀያ ሠርቼልሽ አንድ ቀሚስ አልሰቀልሽበትም። ሻንጣሽ በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆሟል። በምን አፌ ልማል?»

ዓይኗ እንባ ሞላ።

«በፊት በነበርኩበት ከተማ ሻንጣዬን ፈትቼ ነበር። ያገባኛል ያልኩት ሰው ትቶኝ ሄደ። መፍታቱ አይደለም የሚከብደኝ፤ ብቻዬን መልሶ ማሸጉ ነው።»

አናጺውን ትናንት አኩርፎ መውጣቱ አሳፈረው።

«እናንተ ልጆች! ልዘጋ ነው!» አሉ ጸሐፊዋ።

ወደ መስኮቱ ተመለሰች። አዲሱን ለማግኘት የድሮውን ፈቃድ ማስረከብ ግዴታ ነው፤ እሷ ግን ከጧት ጀምሮ ጨብጣው ነበር። ፈቃዱን ይዛ ወደ ቀድሞ ሥራዋ መመለስ ትችላለች። ፈቃዱን ሰጥታ አናጺው ካልማለ ግን ከሁለት ያጣች ትሆናለች።

በመስታወቱ ሥር አሳለፈችው። ጸሐፊዋ ዳግም እንዳይሠራ ወዲያው በሱት። እሷም አብራ የተበሳች ያህል ደነገጠች።

«አሁንስ?» አለችው ወደ አናጺው ዞራ።

«መስቀያውስ?»

«ዛሬ እሰቅላለሁ። አንተ ሻንጣውን ያዝልኝ።»

ቀኝ እጁን አነሳ።

«እምላለሁ። እዚህ ነው የምትኖረው።»

ጸሐፊዋ እየጻፉ፣ «ለእሷ ምኗ ነዎት?» አሉት።

አናጺው ጆሮው ድረስ ቀላ። እሷ ቀደመችው፤

«ለጊዜው የአከራዬ ልጅ ይበሉት።»