በደወሉ ሰዓት ያልዘለለ ልብ

ደወል ደዋዩ እንየው በዐቢይ ጾም ቀን፣ ሠላሳ ዓመት በሳበው ገመድ ሥር ሞቶ ተገኘ። በደረቱ ላይ፣ ልቡን ስለሚያመው ሐኪሟ ወንጌላዊት ከዋዜማው የለጠፈችለት የልብ ምት መመዝገቢያ ነበረ። ደብሩ ከደሴ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ወሬው ከሚኒባሱ ቀድሞ ከተማ ገባ።

በአስከሬኑ ውስጥ ከመጠን ያለፈ የእንቅልፍ መድኃኒት ተገኘ። ሴት ልጁ ነፃነት ደሴ በአንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከቀትሩ ደወል በኋላ ወደ ደወል ቤቱ የገባችውም እርስዋ ብቻ ናት። ስለዚህ ታሰረች።

የደብሩ አለቃ ወንድምአገኘሁ «ልጄ፣ ንስሐ ግቢ» አሏት።

«ላልሠራሁት ኃጢአት ንስሐ አልገባም፤ ብታወግዙኝም አልገባም!»

መርማሪዋ ኢንስፔክተር አትጠገብ ይህን ሰማች። የፖሊስ አዛዥዋ በስልክ «መዝገቡን ዝጊው» ቢላት «ልብና ኵላሊት የሚመረምር አምላክ ሳይዘጋው እኔ አልዘጋም» ብላ መለሰች።

በመጀመሪያ የዕቃ ቤት ጠባቂውን ቀለሙን ጠየቀች።

«ደወሉን ሰምተዋል?»

«ያልሰማ ማን አለ? እንየው ስድስት ሰዓት ላይ ደኅና ሆኖ ደወለ። እኔም ወዲያው ገብቼ ቅዳሴ ቆምሁ፤ ምእመኑ ምስክሬ ነው።»

«ከደወሉ በፊት አንዳች ነገር ቀምሶ ቢሆንስ?»

«ጾመኛ ምን ይቀምሳል? ፖሊስ ጣቢያ ጾም አይታወቅም እንዴ?»

ቃሉን ሲፈርም እስክርቢቶውን በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ያዘ። አትጠገብ ይህን አየች።

ነፃነትን ያመጣት የሚኒባስ ሾፌር መሕሙድ ግን «ወላሂ፣ ደወሉ ሲጮኽ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር። ‹አባቴ ነው› ብላ አማተበች» አለ።

በሦስተኛው ቀን ሁሉም በደብሩ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ነፃነት በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማለች፤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ሐኪሟ ወንጌላዊት መሣሪያውን በመሕሙድ ደረት ላይ ለጠፈች።

«ይነክሳል እንዴ?»

«አይነክስም። እጅህን አጥብቀህ ጨብጥ።»

ጨበጠ። ሰባ የነበረው የልብ ምቱ ቁጥር ወዲያው ሰማንያ ሁለት ሆነ።

«ምነው፣ ገና ምኑን ሠራሁና!»

«ልብ ድካምን አይጠብቅም» አለች ሐኪሟ። «ጡንቻ ሲኮማተር ልብን የሚገታው ነርቭ ልጓሙን ያላላል። ትንፋሽ ሳይቆራረጥ፣ በሚቀጥለው ምት ልብ ይፈጥናል።»

አትጠገብ ሁለት ወረቀት ዘረጋች። «ይህ እንየው በዚያው ቀን ንጋት ሲደውል ነው፤ ገመዱን እንደ ሳበ ልቡ ዘለለ። ይህ ደግሞ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሞቱ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልዘለለም፤ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። በቀትር ደወሉን የደወለው እርሱ አይደለም። ተኝቶ ነበር።»

ሰዉ ወረቀቶቹን ለማየት ተንጠራራ። አትጠገብ ቀጠለች።

«ነፃነት በዚያ ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ነበረች። አለቃ በመቅደስ ነበሩ። ከዕቃ ቤቱ ወደ ደወል ቤቱ ሰው ሳያይ የሚያስገባው በር ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ታማሚ ጾመኛ እህል ይመልሳል፤ ጠበል ግን አይመልስም። መድኃኒቱ በዕቃ ቤቱ የጠበል ጣሳ ተገኝቷል። ከዕቃ ቤቱ የተሰረቀው የደብሩ የብራና መጽሐፍም ኮምቦልቻ በቀለሙ ቤት ተገኝቷል። እንየው ቀለሙ ብራናውን ሲያወጣ አይቶ በእሑድ ጉባኤ ሊናገር ነበር። ደወሉ የተደወለው መድኃኒቱ ከቀትር በኋላ የተሰጠ እንዲመስል ነው።»

ቀለሙ ተነሣ። «የእኔ እጅ መጻሕፍት እንጂ ገመድ አያውቅም!»

«ገመዱም ይህንኑ ይመሰክራል። መዳፍዎን ይዘርጉ።»

አልዘረጋም። ፖሊሱ ጋቢውን ሲገልጥ፣ ለስላሳው መዳፍ በገመድ ተልጦ ታየ።

አለቃ ወንድምአገኘሁ ወደ ነፃነት ቀረቡ። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«በአዳራሽ አይደለም፣ አባቴ። በደወል ከሰሳችሁኝ፤ በደወል ነፃ አውጡኝ። አገሩ ይስማ።»

ሽማግሌው ሳይከራከሩ ወጡ። ገመዱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ደወሉ ሳይጮኽ ልባቸው ቀድሞ ዘለለ።