ከቆርቆሮው በስተጀርባ

«ሁሉንም ‹ይፈርሳል› በያቸውና ላኪው!» አለች ፌቨን በስልክ። «ጣሪያቸው ቆርቆሮ አይደል?»

ፊቤ አይቮሪ ፓርክ በተባለው የድሆች ሰፈር በሚገኘው የአባቷ ሱቅ ውስጥ፣ የዱቄት ከረጢት ላይ ተቀምጣለች። ትምህርት ቤቱ በወረርሽኙ ምክንያት ስለተዘጋ የጂኦግራፊ መምህራቸው ሥራውን በዋትስአፕ ልከዋል። በደርባን አቅራቢያ ባለ አንድ የባሕር ዳር መንደር የሰው ቁመት የሚያክል የሱናሚ ውኃ ቢገባ የትኞቹ ቤቶች እንደሚፈርሱ፣ የትኞቹ ተጎድተው እንደሚቆሙ ከሳተላይት ፎቶግራፍ መገመት ነበረባቸው፤ ከመንገድ የተነሡ ፎቶዎችም ተያይዘዋል። ግምቱ የሚመሠረተው በግድግዳው ዓይነት ነው፤ ቆርቆሮ ይጠረጋል፣ ጡብ ግን ቢሰነጠቅም አብዛኛውን ጊዜ ይቆማል። ሥራው የፊቤና የክፍል ጓደኛዋ የፌቨን የጋራ ነው። እስከ ቀትር ካልደረሰ ማርኩ በግማሽ ይቀነሳል፤ ያን ጊዜ ውጤቷ ዝቅ ያለው ፌቨን ክፍሉን መድገሟ ነው።

«ግድግዳቸው አይታይም እኮ» አለች ፊቤ።

«ኧረ አታካብጂ፣ ሲስ! ቲቸር ደርባን ድረስ ወርዶ አያጣራ!»

አባቷ አቶ ሽጉጤ ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው ፎቶግራፉን ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

«የእኛን ሱቅ እንዲህ ከላይ ቢያዩት ምን ይሉታል?»

«ቆርቆሮ።»

«ከመንገድስ?»

«ያው ቆርቆሮ ነዋ፣ አባዬ።»

አቶ ሽጉጤ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ጡብ ነው። ሱቁ ከተዘረፈ በኋላ በውስጥ በኩል ጡብ አስገነቡ፤ የውጪውን ቆርቆሮ ግን ሆን ብለው ተዉት።

«ጡብ ያየ ሌባ ‹ሀብታም ነው› ብሎ ደግሞ ሊዘርፍ ይመጣላ!» አሉና ሳቁ።

«ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ!» እያለ በአገሬው ቋንቋ ሰላምታ የሚሰጥ ደንበኛ ሲጣራ ወደ መሸጫው መስኮት ሄዱ።

ፊቤ ፎቶግራፉን አጎላችው። ከአንዱ ጣሪያ አጠገብ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ውኃው ሲመጣ እነዚያ ሰዎች ጣሪያቸው ላይ ይውጡ ወይስ ቤቱን ጥለው ይሽሹ? መልሱ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ ነበር።

«ፌቪ፣ ከመንገድ የተነሡትን ፎቶዎች እንያቸው። ቀትር ላይ የደረስንበትን እንልካለን። በእነሱም ያላወቅነውን ‹አልታወቀም› እንላለን።»

«‹አልታወቀም› ማርክ አለው?»

«እንጃ።»

«ብደግም ግን ከአንቺ ጋር አንድ ክፍል መቀመጤ ቀረ» አለች ፌቨን፤ ድምፅዋ ቀልድም ቁጣም ነበረበት። «በይ፣ በባሕሩ በኩል ያሉትን ቤቶች ለእኔ ተዪልኝ።»

ፊቤ ልብስ በተሰጣበት ቤት ላይ አስቀድማ የጻፈችውን ‹ይፈርሳል› አጥፍታ፣ ከመንገድ የተነሣውን ፎቶግራፍ ከፈተች።