በረንዳው የፈረሰ ሰሞን

ሪድዋና ሷሊህ ጋምቤላ ከተማ፣ ወደ ባሮ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የተወለደችው አቦቦ ነው። አባቷ አቶ ሷሊህ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ መጥተው እዚያው በቆሎ እያረሱ የቀሩ ገበሬ ናቸው። ሪድዋና ትምህርቷን ስታቋርጥ «ለአንድ ዓመት ብቻ ሠርቼ እመለሳለሁ» ብላ ወደ ከተማ ሄደች። አንዱ ዓመት ስድስት ሆነ።

የሱቁ ባለቤት ጋሽ ሁዘይፋ ክፉ ሰው አልነበሩም። ስትታመም በራሳቸው ሞተር ሐኪም ቤት ያደርሷታል፤ ለረመዳን ቴምር ይዘውላት ይመጣሉ። የደሞዝ ነገር ሲነሳ ግን «ገበያው ይስተካከልና» ይላሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ የጨርቁ ዋጋ ስንት ጊዜ ተስተካክሎ የእሷ ደሞዝ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ለወጉ ያህል ተነካ። ሪድዋና ለኑዌር ደንበኛ በኑዌርኛ፣ ለአኙዋክ ደንበኛ በአኙዋክኛ ዋጋ ትናገራለች፤ ሰው ሱቁን የሚያውቀው በጋሽ ሁዘይፋ ሳይሆን በእሷ ስም ነበር።

ፈረጅን ያገኘችው በአንድ የመጋቢት ቀን ነው። ሙቀቱ ሰው ከቤት የሚያስወጣ አልነበረም። አንዲት ሴት ለማግስቱ የቤተ ክርስቲያን በዓል የምትለብሰውን ጨርቅ ገዝታ የሚሰፋላት አጥታ ሱቁ ደጃፍ ቆማለች። በዚህ መሃል የስፌት መኪና የጫነ ባጃጅ ቀስ እያለ ሲያልፍ ሪድዋና ወጥታ አስቆመችው።

«ልብስ ሰፊ ነህ?» አለችው መኪናውን አቅፎ የተቀመጠውን ወጣት።

«መኪናው የኔ ነው። ሰፊ መሆኔን ግን ካልሰፋሁ ማን ያምነኛል?»

ፈረጅ ከመቱ መምጣቱ ነበር፤ ወላጆቹ በልጅነቱ ስለሞቱ አክስቱ ናት ያሳደገችው። የሚሠራበት ቦታ እየፈለገ ነው። መኪናውን ሱቁ በረንዳ ላይ አውርዶ የሴትዮዋን ቀሚስ እዚያው ቁጭ ብሎ ሰፋ። ሴትዮዋ ለብሳው ዞር ዞር ብላ ስትታይ ጋሽ ሁዘይፋ ወጥተው ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱና በረንዳው ላይ እንዲቆይ ፈቀዱለት። ጨርቁን የገዛ ሁሉ እዚያው ያሰፋል፤ ለእሳቸውም ገበያ ነው።

መጀመሪያ ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ ሱቁ አድርጎ ነበር የሚቀመጠው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መኪናውን አዙሮ ጎኑን ለበሩ ሰጠ። ሪድዋና ምነው ስትለው ብርሃኑ በዚህ በኩል ይሻላል አላት። አብራት የምትሠራው ሳሊሃ ጨርቅ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ብርሃኑ የሚመጣው በወዲያ በኩል ነበርና።

እንዲህ አንድ ዓመት አለፈ። ሪድዋና ጨርቅ ለክታ ትቆርጣለች፤ እሱ ይሰፋል። ደንበኛ ሲጠፋ ማንጎ እየላጡ ያወራሉ። ወሬው ሲያልቅም ዝምታው አይከብዳቸውም። እሱ ቀና ሲል እሷ ወደ መደርደሪያው ትዞራለች፤ እሷ ስትዞር እሱ ክሩ የተበጠሰበት ይመስል ያጎነብሳል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባሮ ዳር ሲሄዱ ፈረጅ ድንገት ቆመና አዝመራው ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ወደ አቦቦ ሊልክ እንዳሰበ ነገራት። ሪድዋና ወንዙ ላይ መረብ የሚጥሉትን ዓሣ አጥማጆች እያየች ብዙ ቆየች።

«እነማንን ነው የምትልከው?» አለች በመጨረሻ።

ፈረጅ መልሱ ይኸው እንደሆነ ገባው፤ እስከ ሰፈሯ ድረስ እየሳቀ ሸኛት።

የመንገዱ ወሬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱ ሊሰፋ፣ የእግረኛ መሄጃና መብራት ሊገባለት ነው ተባለ። በዚያ መስመር ያሉት በረንዳዎች በሙሉ፣ የሱቆቹም ግማሽ ጎን ይነሳል። ከመናኸሪያው ጀርባ ፎቅ የገበያ ማዕከል እየተሠራ ስለሆነ ንግድ ፈቃድ ያላቸው እዚያ ቦታ ያገኛሉ። የሰፈሩ ሰው በጉዳዩ እንዲወያይ ቀበሌ አዳራሽ ተጠራ።

አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሚያዳምጥም ነበር። ጥያቄዎቹን የሚመዘግበው መልአኩ የሚባል ወጣት ባለሙያ ነው። ፈረጅ ከቀደሙት ተናጋሪዎች አንዱ ሆነ። በረንዳው ለአላፊ አግዳሚ ትንሽ ነገር ቢመስልም ሻይ የምታፈላው፣ ጫማ የሚሰፋው፣ ስልክ የሚጠግነው ሁሉ የሚኖረው በእሱ ነው አለ። የንግድ ፈቃድ የሌለው ሰው ከበረንዳው ሲነሳ የት እንደሚወድቅ ጠየቀ። ብዙ ሰው አጨበጨበለት።

ቀጥላ እጇን ያወጣችው ሪድዋና ነበረች። ፈረጅ ከእሱ ጋር የምትቆም መስሎት ፈገግ አለ።

«እኔ መንገዱ ይሰፋ ከሚሉት ነኝ» አለች። «ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ባለሱቁ ካላሳደገኝ የማድግበት ሌላ በር አላየሁም። በደሞዜ የቤት ኪራይ ከከፈልኩ በኋላ ለአባቴ የምልከው አይተርፈኝም። አሮጌው ሰፈር እንዳለ ቢቀጥል እኔም እንዳለሁ እቀጥላለሁ። ግን አዲሱ ቦታ ፈቃድ ላላቸው ብቻ ከሆነ ያው አሮጌው ሰፈር ነው፤ ፎቅ ላይ ወጣ እንጂ። ለተቀጣሪውና በረንዳ ላይ ለሚሠራውም ድርሻ ይሰጠው።»

ጋሽ ሁዘይፋ ከፊት ወንበር ሆነው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ስማቸውን ባትጠራም ሁሉም ሰው የማን ሱቅ እንደሆነ ያውቃል። መልአኩ ጥያቄዋን ጽፎ ለሚመለከታቸው እንደሚያቀርብ ተናገረ። ሪድዋና ወደ ቦታዋ ስትመለስ በዓይኗ ፈረጅን ፈለገችው። ወጥቶ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ በመካከላቸው ሰላምታ ብቻ ቀረ። ማንጎ መላጥም፣ ባሮ ዳር መሄድም ተረሳ። እሷ ልታስረዳው ብላ ወደ በሩ ስትቀርብ እሱ መኪናውን ያስጮኸዋል። በሦስተኛው ሳምንት በረንዳው ፈረሰ። ያን ዕለት ጠዋት ፈረጅ የስፌት መኪናውን ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ ሳሊሃን ተሰናብቶ፣ ሪድዋናን «ደህና ሁኚ» ብሏት ሄደ። ማታ ስትደውልለት ስልኩ ዝግ ነበር፤ በማግስቱም እንደዚያው።

ሱቁ ግማሽ ሲሆን ጋሽ ሁዘይፋ ለአንድ ሠራተኛ እንጂ ለሁለት የሚበቃ ቦታ እንደሌለ ነገሯት። ዓይኗን ማየት አልቻሉም። ሪድዋና ሦስት ልጆች የምታሳድገው ሳሊሃ ብትቀር እንደሚሻል ተናግራ፣ ልብሷን ሸክፋ አቦቦ ገባች።

አባቷ ለምን መጣሽ ብለው አልጠየቋትም። ጠዋት ጠዋት አብራቸው በቆሎ ታርማለች። አንድ ቀን ግን ቁጭ ባሉበት፣ ከተማ ውስጥ የበደለሽ ሰው አለ ወይ አሏት። ሪድዋና ትንሽ አሰበችና እሷም የበደለችው ሰው ሳይኖር እንዳልቀረ መለሰችላቸው። እንባዋ መጣ። አቶ ሷሊህ እንባዋን እንዳላዩ ሆነው ውሃ ቀዱላት።

አንድ ዓርብ ጠዋት ሳሊሃ ደወለች። የሪድዋና ጥያቄ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ፈቃድ የሌላቸው ሠራተኞች ሁለትም ከዚያም በላይ ሆነው ከተመዘገቡ በአዲሱ ገበያ ለተወሰኑ ክፍሎች ዕጣ ይወጣል። ምዝገባው የሚያበቃው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ሁሉም በአካል መቅረብ አለባቸው። ሳሊሃ ሌላም ወሬ ነበራት። ፈረጅ ጀዊ፣ የስደተኞች ካምፑ አጠገብ፣ የተማሪዎች ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት ሲሠራ ያየው ሰው ነበር።

ጀዊ ከአቦቦ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሪድዋና ሚኒባስ ይዛ እዚያ ወረደች። መስፊያ ቤቱ ከካምፑ በር ወዲህ፣ መንገድ ዳር ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ኃላፊው ጋትኩዋት የሚባል ረጅም የጋምቤላ ልጅ ነበር። ስሟን ስትነግረው ማን እንደሆነች ያወቀ መሰለ፤ ወንበር ስቦላት ራቅ አለ።

ፈረጅ ሲያያት መርገጫውን አቆመ። ከስቷል። የምዝገባውን ነገር ስትነግረው ሌላ ሰፊ እንድትፈልግ፣ ከተማው ውስጥ ከእሱ የተሻለ እንደማይጠፋ ነገራት።

«ስለ በረንዳው ከተቀየምከኝ በአፍህ ንገረኝና ልሂድ» አለች።

«አልተቀየምኩሽም።» በእጁ የያዘውን እጅጌ አጠፈው፤ መልሶ ዘረጋው። «አዳራሽ ውስጥ የተናገርሽው ልክ ነበር። ሲጨበጨብልኝ ኮራሁ፤ አንቺ ስትናገሪ ግን አፈርኩ። ስድስት ዓመት ምን እየሆንሽ እንደነበር አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅኩሽም።»

«ታዲያ ለምን ጠፋህ?»

«ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው ነው በረንዳው የፈረሰው። አባትሽ ልጁ የት ነው የሚሠራው ቢሉ ምን ይበሉ? መንገድ ላይ?»

ሪድዋና ስትመጣ መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ይቅርታ መጠየቅን ነበር። አሁን ግን የተሰማት ሌላ ነው።

«ፈረጅ፣ እኔ በረንዳውን አይደለም እሺ ያልኩት። ያ ሁሉ ሲሆን ለኔ አንድ ቃል ሳትነግረኝ ለብቻህ ወሰንክ። የከፋኝ እሱ ነው።»

ፈረጅ ዓይኑ ሲሞላ እንዳታየው ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እሷም ፊቷን መለስ አደረገችለት። 

ጋትኩዋት ከዚያው ከቆመበት፣ «ፈረጅ፣ ዩኒፎርም ነገም አለ» አለ። «ቢሮ ግን ዛሬ ይዘጋል።»

ማንጎ የጫነ አይሱዙ አግኝተው ከሹፌሩ ጎን ተጣብቀው ተቀመጡ። በመንገዱ ላይ ፈረጅ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ከፈተውና እጇ ላይ አስቀመጠላት። የደወለችባቸው ጊዜያት መልእክት ተራ በተራ ሲገባ ሁለቱም አብረው አዩት። ፈረጅ እጇን ያዘ።

ቢሮው በር ላይ ሰልፍ ነበር። ሻይ አፍይ፣ ስልክ ጠጋኝ፣ የሱቅ ሠራተኛ፣ ሪድዋና የማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ ተሰልፈዋል። አንዲት ሴት ይቺ ናት አዳራሽ ውስጥ የተናገረችው ብላ ወደ ፊት ልታሳልፋቸው ብትሞክር ሪድዋና እምቢ አለች። ተራቸው ሲደርስ መልአኩ ቅጹን እየሞላ፣ ባልና ሚስት መሆናቸውን ጠየቀ። ፈረጅ አንገቱን ደፋ።

«ገና ነን» አለች ሪድዋና።

መልአኩ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግራ ተጋብቶ ቦታውን ባዶ ተወው።

ዕጣው ደረጃ ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጣቸው። ከተመዘገቡት ግማሾቹ ምንም አልደረሳቸውም፤ ጫማ ሰፊው ሽማግሌ ከእነዚያ አንዱ ነበሩ። ፈረጅ ደስታውን ሳይጨርስ ሄዶ አምጥቷቸው በክፍሏ ደጃፍ አስቀመጣቸው። ሪድዋና መንገዱ መስፋቱ ትክክል ነበር ባለች ቁጥር እሳቸውን ያሳያታል፤ እሷም ክፍሏን ታሳየዋለች።

ሽማግሌ የመላኩ ነገር ሲመጣ ፈረጅ በቅድሚያ የሄደው ጋሽ ሁዘይፋ ዘንድ ነው። እሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ ለሽምግልናው ነጭ ጀለቢያቸውን እንደሚለብሱ ተናገሩ። ሪድዋናን ባገኟት ጊዜ ደግሞ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው የሳሊሃን ደሞዝ እንደጨመሩ ነገሯት። እሷም አመሰገነች።

አቦቦ ላይ አቶ ሷሊህ ስለ ሥራው ጥያቄ አላነሱም። ልጁ ሲከፋው ምን ያደርጋል ብለው ብቻ ጠየቁ። ጋሽ ሁዘይፋ ሳይደብቁ፣ ዝም ይላል አሏቸው። «የኔዋ ደግሞ ትናገራለች፤ እንግዲህ ይለማመዱ» አሉ አባት፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

ኒካሁ የታሰረው በኅዳር፣ በቆሎው ከገባ በኋላ ነው። ወንዶቹ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው አቶ ሷሊህ እንደ ወጉ የልጃቸውን ፈቃድ ሊጠይቁ ወደ ውስጥ ገቡ። ሪድዋና በሴቶች መካከል ተቀምጣለች። ጠየቋት። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ሴቶቹ ዝምታዋ እሺታ ነው፣ ይበቃል አሉ።

አቶ ሷሊህ ግን አልወጡም። ከፊቷ በርከክ አሉ።

«ልጄ፣ እኔን ከወሎ መኪና ላይ ሲጭኑኝ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። አላህ ይመስገን፣ እዚህ ቤት ሠራሁ፤ አንቺን ወለድኩ። የዚያ ቀን ነገር ግን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። አንቺን ስጠይቅ ከልቤ ነው። ዝምታሽን አልፈልግም።»

ሪድዋና ቀና ብላ አየቻቸው። ከደጅ የወንዶቹ ድምፅ ጠፍቷል፤ ፈረጅ እዚያ ሆኖ እየጠበቀ ነው።

«ፈቅጃለሁ አባ» አለች፤ ዳስ ውስጥ ያሉት እስኪሰሙ ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።