የሱዪን ትኩሳት

ያን የተባለው ዳኛ በሱዡ ከተማ ቦይ ዳር ካለው ቤት ሲደርስ ሱዪን ከሞተች ገና ግማሽ ቀን አልሞላትም። ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላት እንዲህ ጣቶቿ እንደተኮማተሩ ቀረች። ባሏ ሉ አልጋው ሥር ተደፍቶ ያለቅሳል።

«ሐኪሙ ነው የገደላት» አለ። «በትኩሳት ለምትነድ ሰው እሳት የሆነ መድኃኒት አዘዘላት። በአንገቱ ይክፈል።»

ሐኪም ፓንግ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እጃቸው ታስሮ በር ላይ ቆመዋል። ያዘዙት ፉዚ የሚባለውን ሥር ነው፤ ከመድኃኒት ሁሉ ያንግ የሚሉት የሙቀት ኃይል የበዛበት፣ አያያዙን ለማያውቅ ደግሞ መርዝ። ሱዡ ሁሉ በነዲድ ላይ ዘይት ጨመሩ ብሎ ፈርዶባቸዋል። መንደር ለመፍረድ መቼ ሰንፎ ያውቃል! ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ የሽማግሌው አንገት መቀላቱ ነው።

«ለምን ፉዚ አዘዙ?» አላቸው ዳኛው።

«የፊቷ ቅላት የውሸት ነበር፣ ጌታዬ። ውስጧን ዪን የሚባለው ብርድ ሞልቶት፣ የቀራትን ያንግ ወደ ቆዳዋ ገፍቶት ነው። ባሏን ይጠይቁት።»

ዳኛው ሉን ጠየቀው። በሽተኛዋ የምትለምነው ፍል ውኃ ብቻ ነበር። እግሯም በረዶ ሆኖ፣ ሆዱ ላይ አድርጎ ሲያሞቅላት ነበር። ከአልጋዋ አንድ ጊዜም አልተነሳም። መድኃኒቱን እናቷ ወይዘሮ ታን አፍልተው አመጡ፤ እሱ ሦስት ኩባያ ሙሉ አጠጣት።

ወይዘሮ ታን ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከገጠር ከመጡ አሥር ቀናቸው ነው። ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የጠፋውን ፍም ያያሉ። ሐኪሙ ምን ብለው እንዳዘዙ ሲጠየቁ፣ አምስት ኩባያ ውኃ አንድ እስኪቀር ይፍላ ማለታቸውን አልደበቁም።

ዳኛው ወደ መንገዱ ወጣ። የመድኃኒት አተላ ደጅ ላይ ይደፋል፤ አላፊ አግዳሚው ረግጦ በሽታውን ይዞት እንዲሄድ። ተንበርክኮ ከጭቃው ውስጥ የፉዚ ቁራጮች ለቀመ። አንዱን ሰብሮ አየው፤ መሀሉ ነጭ፣ ጠንካራ ነው። ምላሱን ነካ ቢያደርገው ወዲያው ደነዘዘ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባው፤ ምነው ባልገባኝ አለ በልቡ።

ሁሉንም አስከሬኑ ካለበት ክፍል ሰበሰባቸው።

«እግሯ በረዶ ከነበረና ፍል ውኃ ከለመነች ሐኪሙ አልተሳሳቱም» አለ። «ነገር ግን የፉዚ መርዝ የሚሞተው ረጅም እሳት ላይ ነው። አንድ ኩባያ መቅረት ሲገባው ሦስት ተጠጣ፤ አተላውም ጥሬ ነው። ማሰሮው ያለጊዜው ወርዷል። ሐኪሙ እዚህ አልነበሩም፤ ሉም ከአልጋዋ አልተነሳም።»

ከዚያ ዓይኑን ወደ ወይዘሮ ታን አነሳ።

«እኔ ነኝ ያወረድኩት» አሉ ወይዘሮ ታን። «እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ያንጉ የሚብስ መስሎኝ። ልጄ ስትነድ እያየሁ እሳት ላጠጣት? ትንሽ ላብርድላት ብዬ ነው። ምነው ከዚያም ቀደም ብዬ ባወረድኩት እያልኩ ሲቆጨኝ ነው የዋልኩት።»

ቀስ ብለው የእያንዳንዱን ፊት አዩ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሩ።

«ባቆየው ኖሮ ትድን ነበር?»

የፓንግ እጅ ገና መፈታቱ ነው። ሽማግሌው ሴትዮዋ ፊት ተንበረከኩ።

«አትድንም ነበር፣ እህቴ። በሽታውን የሳትኩት እኔ ነኝ። ትኩሳቱ እውነት ነበር።»

«ሐኪም፣ ይህ ቃል አንገትዎን ያስቀላል» አለ ዳኛው።

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ።»

ወይዘሮ ታን ሐኪሙን ክንዳቸውን ይዘው አስነሷቸው።

«ይተዉ፣ ወንድሜ» አሉ። «ለእኔ ብለው አይሙቱ። ወልጄ የገደልኳት እኔው ነኝ።»