የወርቃማው ጆሮ ሞት

ኪሪያማ ጎዞ የሞተው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በኮቤ ከተማ ዳገት ላይ ባለው ቤቱ፣ በራሱ የማዳመጫ ክፍል ውስጥ ነው። መርማሪ ኩራሞቺ ሴትሱኮ ስትደርስ ሬሳው ከአንድ ጥቁር መጋረጃ ጀርባ በጀርባው ተዘርሯል። ሁለቱም መዳፎቹ ተቃጥለዋል። ፊቱ ላይ ግን ሥቃይ አይታይም፤ የሚታየው ንቀት ነው። ሞትንም ሊያጣጥለው የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

«ኤሌክትሪክ ነው የገደለው» አለ ሐኪሙ።

«እሱንማ ያየሁት ነው። ኤሌክትሪኩን ማን እንደላከው ነው የጨነቀኝ» አለችው።

ኪሪያማ በሙዚቃ ማጫወቻ ወዳጆች ዘንድ «ወርቃማው ጆሮ» ይባል ነበር። በሚያዘጋጀው የማጫወቻዎች መጽሔት ላይ አንድ መስመር ሲጽፍ አንድ ሱቅ ይዘጋል። የዚያን ዕለት የጠራው የመጋረጃ ፈተና ነው፦ ሁለት የድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየሮች ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ አድማጮቹ የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ሳያዩ የተሻለውን በጆሯቸው ብቻ ይለያሉ። አንደኛው ከውጭ የመጣ፣ ዋጋው ቤት የሚገዛ ነው። ሌላው ኦኖዴራ የተባለ ሰው በእጁ የሠራው፣ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ አሮጌ። ኪሪያማ ኦኖዴራን ራሱን ጠርቶ በግራው አስቀምጦታል፤ ሥራው ሲዋረድ በዓይኑ እንዲያይ። በቀኙ ደቀ መዝሙሩ ሴጋዋ ቶሩ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ዶይ የሚባል አዛውንት ጠጋኝ ሁለቱን የምታፈራርቀውን መቀያየሪያ ይዞ ቆሟል። ሻይ የምታመላልሰው የኪሪያማ ሚስት ቺካኮ ናት።

ኩራሞቺ በቺካኮ ጀመረች። ሴትዮዋ ወጥ ቤት ውስጥ ሲኒ ታጥባለች፤ እንባም የላት፣ መንቀጥቀጥም የላት።

«ምን ሰሙ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው? እኔ እኮ ድንጋይ ጆሮ ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር በዚህ ስም ነው የሚያስተዋውቀኝ። ሻዩን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፣ መድረሴን እንዲያውቅ መብራቱን አጥፍቼ አበራሁ። ወዲያው "መጥፎ ድምፅ አለ!" ብሎ ተነሣ።»

«ለምን እሱ ተነሣ? ዶይ እዚያው አልነበረም?»

«ማንንም አያስነካማ። ራሱ ገብቶ ግራ እጁን አንዱ ላይ፣ ቀኙን ሌላው ላይ ይጭናል፣ ልክ እንደ ሐኪም። መጽሔቱን የሚያነብ ሁሉ ያንን ፎቶ ያውቀዋል።»

ኩራሞቺ ወደ መኝታ ቤቱ ዘለቀች። ከሟቹ ትራስ ሥር የማንቂያ ሰዓት አገኘች፤ ደወል የለውም፣ የመነሻው ሰዓት ሲደርስ ይንዘፈዘፋል። መልሳ አስቀመጠችውና ወደ ዶይ ሄደች።

አዛውንቱ ሳይጠየቅ ፈነዳ። «በይ ያዥኝ! የኦኖዴራ ዕቃ ሱቄ ነው የሰነበተው። ትናንት ሴጋዋ መጥቶ ወሰደው፣ እዚህ አደረ። እኔም ነካሁት፣ እሱም ነካው፣ ሴትዮዋም አጠገቡ አደረች። ኪሪያማ ደግሞ "ዝንጀሮ ብየዳ ሲማር" ይለኝ ነበር፣ ሰው ፊት። ጠልቼዋለሁ።»

«ጥላቻማ በዚህ ቤት እንደ ሻይ ይቀዳል። ዛሬ ምን ነካህ ነው ያልኩህ?»

«መቀያየሪያዋን ብቻ። ዕቃዎቹን ማን ይነካል! "መጥፎ ድምፅ አለ" ሲል እኔ ምንም አልሰማሁም። ገባ፣ እጁን ጫነ፣ ወደቀ። በቃ።»

ሴጋዋ ክፍሉ ጥግ ተቀምጦ የግራ እግሩን ጣቶች ያንቀሳቅሳል። ኩራሞቺ የሟቹን ወንበር ጎንበስ ብላ አየችው። የቀኙ እግር ቀለም፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል።

«መምህርህ ሲነሣ ምን አለ?»

«"መጥፎ ድምፅ አለ" ነው ያሉት። ሌላ ምንም።»

«አንተስ ሰማህ?»

«እኔ እንደ መምህሬ አልሰማም» አለ፤ እግሩ ግን ቆመ።

የመጨረሻው ኦኖዴራ ነው። ጠባሳ የሞላባቸው ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ደርድሮ ይጠብቃታል።

«የሚሰድብዎት ሰው ቤት ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ጠራኝ፣ መጣሁ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነበር የምንሠራው። ይህ ሰው ዕቃችንን "ሬሳ ጥርሱን ሲያፋጭ" ብሎ ጻፈ። ደንበኛው እንደ ወፍ በነነ። ወንድሜ ጽሑፉን ኪሱ ከቶ ባቡር ፊት ገባ።»

«ዛሬስ? ሲነሣ ምን አስተዋሉ?»

«ምን አስተውላለሁ? ያ ፉጨት ለእኔ አልተሰማኝም። ለእሱ ተሰማው፣ ሄደ።»

ኩራሞቺ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ቃል ጻፈች። ከዚያ የፖሊሱን ባለሙያ ጠርታ የኦኖዴራን ዕቃ እንዲከፍተውና እስኪግል ድረስ እንዲያበራው አዘዘች።

ሲመሽ አራቱንም ማዳመጫ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል። ባዶው ወንበር መሐል ላይ እንዳለ ነው።

«አደጋ አይደለም» አለች። «ዕቃው ውስጥ አዲስ የተበየደ ሽቦ አለ። ሲግል ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ቆርቆሮውን ሙሉ ኤሌክትሪክ ያለብሰዋል፤ ደግሞ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ፉጨቱ ማጥመጃው ነው። ወርቃማው ጆሮ ሰምቶ ይነሣል፣ ሁለት እጁን ይጭናል፣ ያልቃል። ያጠመደው ሰው ኪሪያማ እንደሚሰማ እርግጠኛ ነበር።»

ዞር ብላ ቺካኮን አየቻት።

«ባለቤትዎ ግን አይሰማም ነበር፤ መብራት የሚያጠፉለት፣ ሰዓቱም የሚንዘፈዘፈው ለዚህ ነው። አይደል?»

ቺካኮ እጆቿን በሽርጧ ጠረገች።

«ከዓመታት በፊት ነው የደነቆረው» አለች። «በግራው ጭራሽ። በቀኙም ጮኸው ካላናገሩት፣ አፍ አፍ ካላየ በቀር አይሰማም። ድንጋይ ጆሮ የሚለኝ ለዚህ ነው። ለሰው ሳይሆን ለራሱ ነበር የሚነግረው።»

«ውሸት!» አለ ኦኖዴራ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ። «ዛሬ ሰምቶ አይደል የተነሣው!»

«የሰማው ሴጋዋ ነው። ወንበሩን ተመልከቱ። ሴጋዋ በእግሩ ይመታል፦ አንዴ ሲመታ የመጀመሪያው፣ ሁለቴ ሲመታ ሁለተኛው ተሻለ ማለት ነው። ረጅም ግፊት ደግሞ መጥፎ ድምፅ። እግር ግን ፉጨት ይሁን ጉርምርምታ መናገር አይችልም። ስለዚህ ሟቹ "መጥፎ ድምፅ አለ" ብቻ አለ። ልክ ነኝ?»

ሴጋዋ አንገቱን ደፋ። «ልክ ነዎት።»

«እንግዲህ ቺካኮና ሴጋዋ መስማት አለመቻሉን ያውቃሉ። ለደንቆሮ በፉጨት ወጥመድ የሚያጠምድ የለም። ሁለቱም ከጥርጣሬ ወጡ። ዶይ አያውቅም፤ ግን ከመጋረጃው ጀርባ የቆመው እሱ ነው። "መምህር፣ እስቲ ይህን ይዩልኝ" ቢል ይበቃው ነበር። ፉጨት ምን ያደርግለታል? ፉጨት የሚያስፈልገው ከመጋረጃው ፊት ተቀምጦ፣ አፉን ሳይከፍት ሰውየውን ወደ ጀርባ መላክ ለሚፈልግ ሰው ነው።»

ወደ ኦኖዴራ ተጠጋች።

«ሦስቱም "መጥፎ ድምፅ" አሉኝ። ያንን ድምፅ ፉጨት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። አልሰማሁም እያሉ።»

ኦኖዴራ አልካደም። ረጅም ትንፋሽ ለቀቀና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፊቱ ከሸክም እንደወረደ ሰው ፊት ነበር።

«እኔ ነኝ። ዶይ ዘንድ ሳደርሰው ተበይዶ ነበር። ሺህ ጊዜ ቢነሣ ሺህ ጊዜ እገድለዋለሁ። በዚያ ጆሮው ወንድሜን ገድሏል።»

«በየትኛው ጆሮው?» አለች ኩራሞቺ። ድምፅዋ አልከፋም፣ አልራራም። «ያን ጽሑፍ ሲያወጣ ደንቁሮ ነበር።»

የኦኖዴራ ዓይኖች ቀስ ብለው ከእሷ ላይ ተነሥተው ሴጋዋ ላይ አረፉ።

«አንተ ነህ?»

ሴጋዋ ወደ ግድግዳው ሸሸ። «መምህሬ "አንዱን አዋርድ፣ ያለ ደም መጽሔት አይሸጥም" አሉኝ። የእርስዎ ዕቃ ቱቦው በመንገድ ተሰብሮ ነበር የመጣው። አልበራም። ጽሑፉ ደግሞ መድረስ ነበረበት...»

«አልሰማኸውም?»

«አልሰማሁትም።»

ኦኖዴራ ሊዘልበት ሲል ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ያዙት። አልታገላቸውም። በሩ ዘንድ ሲደርሱ ግን ቆመና ፊቱን ወደ አዛውንቱ ጠጋኝ መለሰ።

«ዶይ፣ አንተ ታውቃለህ። ዛሬ በየዙሩ የተሻለ ነው ያሉት የቱን ነበር? እኔ የራሴን መለየት አቅቶኝ ነበር።»

ዶይ ወደ መሬት አየ። «ተወው እባክህ።»

«ንገረኝ!»

«ያንተን ነው» አለ ዶይ። «ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ፣ ሁሌም ያንተን።»

«ውዱ መስሎኝ እኮ ነው» አለ ሴጋዋ ከጥጉ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ፖሊሶቹ ኦኖዴራን ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። ቺካኮ የተረፉትን ሲኒዎች በሰሐን ላይ ሰብስባ መብራቱን አጠፋች።